ሁለት ቋንቋ ማወቅ የት ሥራ ይሆናል? ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ስልክ ወይስ የመማሪያ ክፍል

አሜሪካ የገባ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛው ትንሽ ጠና ሲልለት አንድ ምክር ከየአቅጣጫው ይደርሰዋል፤ «አስተርጓሚ ሁን፤ ተቀምጠህ የምትሠራው ንጹሕ ሥራ ነው» ይሉታል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ጉድለቱ አስተርጓሚነትን እንደ አንድ ሥራ መቁጠሩ ነው። ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆም፣ በችሎት ከተከሳሽ ጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ፣ ቤቱ ተቀምጦ የማያያቸውን ሁለት ሰዎች በስልክ የሚያግባባ፣ እነዚህ ሦስቱ የሚጋሩት መጠሪያውን ነው። ሥልጠናቸው፣ ፈተናቸው፣ አከፋፈላቸውና ሰውን የሚያደክሙበት መንገድ ለየቅል ነው። ብዙ ሰው የማያስበው አራተኛ መንገድም አለ፤ አማርኛን ለሌላ ሰው ማስተማር።

እዚህ የማነጻጽረው እነዚህን አራቱን ነው። ትኩረቴ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በሲያትል፣ በዳላስና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ያለው አንባቢ ነው፤ የዓመቶቹ ቁጥሮች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ምርጫው ከማውራታችን በፊት አንድ የጥናት ውጤት ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ፤ ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድ በብዛት የሚነሣው ከእርሱ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቻቸው በማሳቹሴትስ ሁለት የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች ውስጥ የተቀዱ 57 የሕክምና ንግግሮችን መርምረው በ2012 ውጤቱን አሳተሙ። ቤተሰቦቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ከተቆጠሩት የትርጉም ስሕተቶች ውስጥ በልጁ ሕክምና ላይ ጉዳት ሊያመጡ የሚችሉት በባለሙያ አስተርጓሚ ጊዜ 12 ከመቶ፣ አስተርጓሚ ጨርሶ በሌለበት 20 ከመቶ፣ ዘመድ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ ሰው ባስተረጎመበት ደግሞ 22 ከመቶ ሆነው ተገኙ። «ልጄ እንግሊዝኛ ይችላል፣ እርሱ ያስተረጉምልኝ» የሚለው የኛ ልማድ በዚህ ሚዛን ሲታይ ከምንም አልተሻለም። ይበልጥ የሚገርመው ግን ባለሙያዎቹ እርስ በርስ ሲወዳደሩ የታየው ልዩነት ነው። 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠለጠኑት አስተርጓሚዎች አደገኛ የሆነ ስሕተታቸው ወደ 2 ከመቶ ወረደ። በሥራው ላይ የቆዩበት ዘመን ግን ለውጥ አላመጣም። አሥር ዓመት ያስተረጎመ ሰው ካልሠለጠነ አሥር ዓመት ሙሉ ያንኑ ስሕተት ሲደግም ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ከአራቱ የትኛውንም ብትመርጡ «በሰዓት ስንት ይከፍላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ስንት ሰዓት ያሠለጥነኛል?» የሚለውን አስቀድሙ።

ሥራው በሕግ ምን ያህል የተደላደለ ነው?

አስተርጓሚ የሚፈለገው በቸርነት አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያገልል ይከለክላል፤ በቋንቋ ምክንያት አገልግሎት መንፈግም በዚሁ ስር ሲታይ ቆይቷል። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህንን የሚያጠናክር ትእዛዝ አውጥተው ነበር፤ በማርች 2025 እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ሽሮታል። ሕጉ ራሱ ግን አልተሻረም። ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሕግ ውስጥ ያለውና ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው አንቀጽም በቦታው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከዚህ ተነሥቼ ሳመዛዝነው የሆስፒታልና የችሎት ሥራ ጠንከር ያለ መሠረት አለው፤ በፌዴራል ቢሮዎች ላይ ብቻ የተንጠለጠለ የትርጉም ሥራ ግን ከነፋሱ ጋር ይወዛወዛል።

ሆስፒታል

የሆስፒታል አስተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ተራ በተራ ነው። ሐኪሙ ይናገራል፣ ያቆማል፤ አስተርጓሚው ይናገራል። ይህ ከፍርድ ቤቱ ጋር ሲተያይ ቀላል ይመስላል። የሚከብደው ሌላው ነገር ነው።

በመጀመሪያ የሰዓቱን ጉዳይ እንውሰድ። ነርሷ መድኃኒቱን «በስምንት ሰዓት» ውሰጂ ስትል እማማ የሚሰሙት ከምሳ በኋላ ያለውን ስምንት ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ያልሠለጠነ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ያስተላልፋል፤ የሠለጠነው «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በእንግሊዝኛው ስምንት» ብሎ ሁለቱንም ይናገርና ያደረገውን ለነርሷ ይነግራታል። ኢንሱሊን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሆነ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው የባህል ጉዳይ ነው። በኛ አገር መርዶ በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። አሜሪካዊው ሐኪም ግን በመጀመሪያው ጉብኝት በሽተኛዋን ፊት ለፊት እያየ «ካንሰር ነው» ይላል። ከመግባታችሁ በፊት በኮሪደሩ ላይ የበኩር ልጇ ጠጋ ብሎ «አደራህን፣ ስሙን እንዳትጠራባት» ይላችኋል። የጤና አስተርጓሚዎች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2004 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ መልስ አለው፤ የተባለው ሁሉ ይተረጎማል። በጎ የሆነው መንገድ ልጁን «እኔ የተባለውን ሁሉ ማስተላለፍ አለብኝ፤ ስጋትህን ግን ለሐኪሙ አስቀድመህ ንገረው፣ እርሱንም እተረጉምልሃለሁ» ማለት ነው። ሆስፒታልን የሚመርጥ ሰው ይህንን ዐረፍተ ነገር የቤተሰብ ፊት እያየ ሳይንቀጠቀጥ መናገር መቻል አለበት። ብዙ ሰው ሥራውን የሚተወው የሕክምና ቃል ከብዶት ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ሴሲሊያ ቫደንሼ በ1990ዎቹ እንዳሳዩት በሁለት ሰዎች ንግግር መካከል ያለ አስተርጓሚ ቃል የሚያሳልፍ ቱቦ ብቻ አይደለም፤ ማን መቼ እንደሚናገር፣ የቱ ግልጽ እንዳልሆነ፣ ንግግሩ የት እንደሚቆም በተግባር የሚመራው እርሱ ነው። ሆስፒታል ይህንን ይፈቅዳል። ያልገባው ነገር ሲኖር አስተርጓሚው «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል» ብሎ ሊያቋርጥ ይችላል።

የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ሁለት ብሔራዊ አካላት አሉ፤ አንደኛው የጤና አስተርጓሚዎች የምስክር ወረቀት ኮሚሽን፣ ሌላው የሕክምና አስተርጓሚዎች ብሔራዊ ቦርድ። ሁለቱም ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና፣ 18 ዓመት የሞላው ዕድሜና የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይጠይቃሉ። ስፓኒሽ ተናጋሪ በቋንቋው የቃል ፈተና ይፈተናል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን የሚፈተነው ስለ ሙያው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ስለ አማርኛችሁ የሚመሰክረው ጥቂት ነው፤ እርሱን ራሳችሁ መጠበቅ ይኖርባችኋል። 40 ሰዓቱም መግቢያ በር ነው፤ ፍሎሬስ ካገኙት 100 ሰዓት ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ፍርድ ቤት

ፍርድ ቤት የሚያስተረጉም ሰው ሦስት ችሎታ ይፈለግበታል፤ ምስክር ሲናገር ተራ በተራ መተርጎም፣ ዳኛና ጠበቃ ሲነጋገሩ ለተከሳሹ በአንድ ጊዜ እየሰሙ ማንሾካሾክ፣ የተጻፈ ሰነድ እያዩ በቃል ማንበብ። የግዛት ፍርድ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት የጽሑፍ ፈተና 135 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 80 ከመቶ ያስፈልጋል። የቃል ፈተናው ሦስቱንም ችሎታዎች ይለካል፤ አብዛኞቹ ግዛቶች በእያንዳንዱ 70 ከመቶ ይጠይቃሉ። በአንድ ጊዜ በሚደረገው ትርጉም የሚሰማው ንግግር በደቂቃ 120 ቃል ገደማ ይሮጣል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የቋንቋችን አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ጠበቃው በእንግሊዝኛ «ገደለ» ወይም «አልገደለም» የሚለውን አስቀድሞ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ግን የአማርኛው ዐረፍተ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ግሱን ይዞ ይንጠለጠላል። ፈረንሳዊው ዳንኤል ዢል የአስተርጓሚን አእምሮ ሲገልጹ መስማት፣ በትውስታ መያዝና መናገር ከአንድ የኃይል ምንጭ እንደሚቀዱ፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው እንደሚጎድል አስረድተዋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በአንድ ጊዜ ሲተረጎም ትውስታው የሚሸከመው ይበዛል። መፍትሔው ልምምድ ብቻ ነው፤ ያውም በድምፅ እየቀዱና መልሰው እየሰሙ የሚደረግ ልምምድ።

ከሆስፒታሉ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ነጻነቱ ነው። እዚህ ማቅለል፣ ማሳመር፣ ማስረዳት የለም። ምስክሩ ተንተባትቦ ከተናገረ ትርጉሙም ይንተባተባል፤ ከተሳደበም ስድቡ በእንግሊዝኛ ይደገማል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሱዛን በርክ ሴሊግሰን አስተርጓሚ በምስክሩ ቃል ላይ ትሕትና ሲጨምር አድማጮች ስለ ምስክሩ ያላቸው ግምት እንደሚለወጥ በሙከራ አሳይተዋል። እኛ ደግሞ ትሕትና መጨመር ይቀናናል። አባታችን የሚሆኑ ሽማግሌ በችሎት ስድብ ሲናገሩ አፋችን ይያዛል። የማይያዝለት ሰው ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል።

ድካሙም የሚገመት አይደለም። በጄኔቫ ባርባራ ሞዘር መርሰርና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ጊዜ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች ከ30 ደቂቃ በኋላ ጥራታቸው መውረድ ይጀምራል፤ እነርሱ ግን መውረዱን አያስተውሉም። ስለዚህ ረጅም ችሎት ላይ ብቻችሁን የሚመድባችሁን ሰው «ሁለተኛው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ስንፍና አይደለም።

ከፍርድ ቤቱ ጎን የጥገኝነት ጉዳይ አለ፤ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ወደ ሙያው የሚገባው በዚህ በር ነው። በጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣው አመልካቹ ራሱ ነው፤ አስተርጓሚው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ የአመልካቹ ጠበቃ፣ ምስክር ወይም የአገሩ መንግሥት ተወካይ ሊሆን አይችልም። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን አስተርጓሚ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው። በሁለቱም ቦታ እሾሁ የቀን አቆጣጠር ነው። አመልካቹ «በ2008 ታኅሣሥ ታሰርኩ» ይላል፤ ይህ በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ ወይም የ2016 መባቻ ነው። አስተርጓሚው ዝም ብሎ በአእምሮው ቀይሮ ከተናገረና አንዲት ዓመት ካሳሳተ፣ ማመልከቻው ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም፤ አለመግጠሙም የሚቆጠረው በአመልካቹ ላይ ነው። ቀኑን እንደተነገረ መናገርና «የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብሎ ማሳወቅ ይሻላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሊያውቀው ይገባል።

ስልክና ቪዲዮ

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለመግባት ቀላሉ ይህ ነው፤ ፈጣን የቋንቋ ፈተና፣ አጭር ሥልጠና፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ጥሩ ኢንተርኔት ከኖረ ይበቃል። ሕፃን ላላት እናት፣ መኪና ለሌለው፣ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት በሆነበት ከተማ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥሪ ባንክ፣ ቀጣዩ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የድንገተኛ አደጋ መስመር ላይ የምትጮህ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ መዘጋጃ ጊዜ የለም። ፊት አይታይም፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ግማሹን ነገር በፊቱና በአየር ወደ ውስጥ በመሳብ ነው የሚናገረው። በተለይ ያ ወደ ውስጥ የሚሳብ «እህ» መስማማት መሆኑን አሜሪካዊው አያውቅም፤ በስልክ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ክፍያው በአብዛኛው በደቂቃ ነው። ጥሪ እስኪመጣ የጠበቃችሁበት ጊዜ የሚከፈል መሆን አለመሆኑን ውሉ ላይ ፈልጉ፤ በደቂቃ ጥሩ የሚመስለው ዋጋ በቀን ሲደመር የሚከዳው እዚህ ጋ ነው። እኔ ስልክን እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ አልመክርም፤ ከላይ እንዳየነው ዓመት መቁጠር ብቻውን ችሎታን አያሳድግም፣ ስልክ ላይ የሚያርማችሁ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

የትልልቅ ጉባኤዎችን አስተርጓሚነት የሚያልም ሰው ካለ አንድ ነገር ይወቅ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው አዲስ አበባ ቢሆንም ከሥራ ቋንቋዎቹ መካከል አማርኛ የለም፤ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። በጉባኤ መስክ ለመሥራት ሌላ ሦስተኛ ቋንቋና የማስተርስ ደረጃ ትምህርት ማሰብ ያስፈልጋል፤ ናይሮቢን፣ ጋናንና የካሜሩኑን ቡዌአ የመሳሰሉ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ያቋቋሙት መርሐ ግብር አለ።

ማስተማር

አስተርጓሚ ቋንቋውን ይጠቀምበታል፤ አስተማሪ ግን ቋንቋውን ከውጭ ሆኖ ሊያየው ግድ ነው። ይህ ሌላ ችሎታ ነው፤ በአማርኛ አፍ መፍታት ብቻውን አይሰጠውም። አንድ ዲፕሎማት «ለምን ‘ራበኝ’ ይባላል፣ ለምን ‘ራብሁ’ አይባልም?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «እንዲያው እንደዚያ ነው» ካላችሁ ክፍሉ የናንተ አይደለም።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ ተቋም አማርኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከባድ ከሆኑት ቋንቋዎች ጋር መድቦ 44 ሳምንት፣ 1,100 የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል። ለስፓኒሽ የሚመድበው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ትዕግሥት ያለው አስተማሪ ይፈለጋል፤ ቦታው ግን ጥቂት ነው። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በጀርመን ሀምቡርግ፣ በፈረንሳይ ኢናልኮ በተባለው የቋንቋ ተቋም አማርኛ ይሰጣል፤ እነዚህ ሁሉ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃሉ።

የሰፋው ገበያ ሌላ ነው፤ የራሳችን ልጆች። የቅዳሜና የእሑድ የአማርኛ ትምህርት በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየማኅበራቱ አለ፤ ክፍያው ግን ከምስጋና ብዙ የማይርቅበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ክፍሎች የሚሳሳቱት ልጆቹን እንደ ባዕድ ተማሪ በመቁጠር ነው። ቤት ውስጥ «ና ብላ» ሲባል የሚረዳ ልጅ 231ዱን የፊደል ገበታ ከሀ እስከ ፐ ሲያስቆጥሩት ይሰላቻል። እርሱ የጎደለው ንባብና መናገር ነው፤ መስማቱን ይችላል። አሜሪካዊው ጎልማሳ ግን በተቃራኒው ፊደሉን በሦስት ሳምንት ለቅሞ የታክሲ ረዳቱን አንድ ቃል አይሰማውም። ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ማስተማር አይቻልም።

ለሥልጠናው ካሰባችሁ ዝነኛው የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ሰርተፊኬት ሴልታ ጥሩ መለኪያ ነው፤ 120 ሰዓት ግድም የሚወስድ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ እውነተኛ ተማሪ ፊት በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር 6 ሰዓት ማስተማር አለው። ለአማርኛ የታሰበ ባይሆንም ከሌላ አገር ሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም ያስተምራል። ተማሪ ፊት የማያቆም የማስተማሪያ ሰርተፊኬት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ለማን የቱ?

ሐዘን ፊት ሳይሸሽ መቆም ለሚችል፣ ሰው የሚወድ፣ ግን አማካሪ ለመሆን የማይቃጣ፤ ሆስፒታል። በተለይ የወሊድና የማሕፀን ክፍል ሴት አስተርጓሚ አጥብቆ ይፈልጋል፤ እናቶቻችን ወንድ ፊት ግማሹን ይሸሽጋሉና። ቃል በቃል ትክክለኛነት ለሚያስደስተው፣ ብቻውን መለማመድ ለማይታክተው፣ በሰው ሐቅ ላይ ሐሳብ መጨመር ለማያምረው፤ ፍርድ ቤት። ሰዋስው እንደ እንቆቅልሽ ለሚያጫውተው ሰው ማስተማር ይሻለዋል። የገንዘቡን ነገር በአንድ ስሌት ላይ ልተወው፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች በ1099፣ ማለትም እንደ ቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ራሱን ቻይ ተቋራጭ፣ ያሠራሉ፤ ያ ማለት 15.3 ከመቶ የሚሆነውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር በሙሉ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ድርጅቱም የሕክምና ዋስትና አይሰጣችሁም። በሰዓት ያነሰ ግን በቋሚ ሠራተኛነት የሚከፍል ሆስፒታል በዓመቱ መጨረሻ ሊበልጥ ይችላል።

ለሥልጠና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለአሠልጣኙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ከሰዓቱ ስንቱ ተማሪው በድምፅ የሚለማመድበት ነው? የአማርኛ ትርጉማችንን ሰምቶ የሚያርም ሰው አለ ወይስ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው? ለፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ በምትኖሩበት ግዛት ለአማርኛ የቃል ፈተና ይሰጣል ወይስ በምዝገባ ብቻ ያልፋል? የመጨረሻውን ከግዛታችሁ ፍርድ ቤት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። አማርኛ የሚያርም አሠልጣኝ ካልተገኘ፣ እኩያ የሆነ አማርኛ ተናጋሪ ፈልጋችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ፤ አንዱ የመድኃኒት መመሪያ ወይም የክስ ወረቀት ያነባል፣ ሌላው እየተረጎመ ይቀዳል፣ ቅጂውን ግን ከማግሥቱ በፊት አትስሙት፤ ወዲያው ከሰማችሁት ጆሯችሁ ያላላችሁትንም እንዳላችሁ ሞልቶ ያሰማችኋል።